ሃምሳ አራቱ ደረጃዎች

ባለፈው ወር ጉልበቷን ያመማትን ጓደኛዬን ላጅባት ብዬ ኖርድኤንድ በተባለ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ የፊዚዮቴራፒ ቤት ገባሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የፋንጎ ሽታ ነው። ፋንጎ ጀርመኖች አሙቀው ወገብና ትከሻ ላይ የሚያደርጉት ጥቁር ጭቃ ነው፤ ዝናብ የመታው መሬት በድስት የተቀቀለ ይመስል ይሸታል። ከእሱ ጋር የላስቲክ ፍራሽና የልጆች ካልሲ ሽታ ተቀላቅሎ መጣ። ጓደኛዬ ወረቀቷን ስትሞላ እኔ ምርኩዜን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ስምንት ዓመቴ ሆነ፤ አጠገቤም ጎረቤታችን አባባ ኢድሪስ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለልጅ በተሠራ ቀይ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል።

ያኔ የምንኖረው ሆኽስት የሚባል ሰፈር ነበር፤ እኔና እናቴ ሁለታችን ብቻ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ከታች ከመንገዱ እኩል ባለው ቤት። የተወለድኩት ጊዜዬ ሳይደርስ ነው። በዚያ የተነሳ አእምሮዬ ለእግሮቼ የሚልከው ትእዛዝ እየተዛነፈ ይደርሳል፤ ጡንቻዎቼ ይወጠራሉ፣ ጉልበቶቼ ይጋጫሉ፣ ተረከዜ መሬት አይነካም። እንዲህ ብዬ መናገር የቻልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው እናቴ በስልክ ለአክስቴ ስትናገር የሰማሁትን ብቻ ነበር፤ «እግሯን የያዛት ገና ማኅፀኔ ውስጥ ሳለች ነው» ትላታለች። እኔም የሆነ ነገር በሁለት እጁ እግሬን ጨብጦ እንደያዘኝ ተረዳሁ። አንዳንዴ ካልሲዬን አውልቄ የጣቶቹን ምልክት እፈልግ ነበር።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እኛ ቴርሚን የምንለው የሕክምና ቀጠሮ ነበረኝ። በዚያ መኸር ግን እናቴ የምታጸዳበት አየር ማረፊያ ሰዓቷን ቀየሩባት። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆማ፣ ስልኳን እንደያዘች ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አባባ ኢድሪስ የገበያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ አገኟት።

«ምን ሆነሽ ነው ገነት?»

«ምንም አልሆንኩም ጋሽ ኢድሪስ። የሃናን ቴርሚን ልሰርዝ ነው፤ የከሰዓት ሺፍት ሰጡኝ።»

«ለምን ትሰርዣለሽ? እኔ አለሁ አይደል?»

«እርስዎን እንዴት አድርጌ አስቸግራለሁ?»

«ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሚያስቸግረኝ ሰው አጥቼ ነው የተቸገርኩት» አሏት።

እንዲህ ሆነና የዚያን ዓመት ማክሰኞና ሐሙሶች የእሳቸው ሆኑ። አባባ ኢድሪስ የአስመራ ሰው ናቸው። ሆኽስት ውስጥ በኬሚካል ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል፤ ሚስታቸው ሞተዋል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ይኖራሉ። ጀርመንኛቸው ከፋብሪካው በር ብዙም አያልፍም፤ እኔ ደግሞ ትግርኛ አላውቅም። ስለዚህ ሁለታችንን የሚያገናኘን እሳቸው ድሮ በትምህርት ቤት፣ እኔ ከእናቴ የተማርነው አማርኛ ነበር። ቀ ስትመጣ ከጉሮሯቸው አውጥተው ጫን ይሏታል። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። በጀርመንኛ ስመልስ አይወዱም።

«ርቦሻል?» ይሉኛል ኤስባን በሚባለው የከተማ ባቡር ውስጥ።

«ያ» እላለሁ፤ በጀርመንኛ አዎ ማለቴ ነው።

«ያ ማን?» ይላሉ ዙሪያቸውን እየተገላመጡ፤ «የቱ ሰውዬ ነው የራበው?»

ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አላውቅም። ሁልጊዜም እስቃለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ሃይከ የምትባል ረጅም ሴት ነበረች፤ ክረምት ከበጋ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። ክፍሏ ውስጥ ግድግዳውን የሞላ መስታወት፣ እኔን የሚያክል ኳስ፣ የምይዛቸው ሁለት ትይዩ ዘንጎች፣ ደግሞም የትም የማያደርስ ሦስት ደረጃ ያለው የእንጨት መወጣጫ ነበር። ሥራችን የሚጀምረው ጡንቻ በመሳብ ነው። በጀርባዬ አስተኝታ እግሬን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ታነሣዋለች፣ ከዚያ ትይዘዋለች። ያማል። ሹል ሕመም አይደለም፤ ከጭኔ ጀርባ አንድ ሰው ገመድ እየጎተተ «ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ» የሚል ዓይነት ነው። ሃይከ በጀርመንኛ እስከ ሠላሳ ትቆጥር ነበር፤ እኔም ከሃያ በኋላ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል አባባ ኢድሪስ ከቀዩ ወንበር ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቁጥሩን ለእኔ ተይልኝ» አሏት ለሃይከ በእጃቸው ጭምር እየገለጹ። ከዚያም፣ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ…» ብለው ጀመሩ፤ በቀስታ፣ አንዱን ቤት አራት ጊዜ። አራተኛው ሲያልቅ ሠላሳው ሰከንድ አልቋል። «በይ ተከተዪኝ» አሉኝ። እየጮህኩ ተከተልኳቸው። የሚያለቅስ ሰው ፊደል ለመጥራት ልቅሶውን ማቋረጥ አለበት፤ ዘዴያቸው ይኼው ነበር። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ቤት እየጨመርን ሄድን። ሀ የቀኝ ጭኔ ነው፣ ለ የግራው፣ ሐ የቀኝ ባቴ። ሃይከ እንኳን እስከ ሰ ድረስ ደርሳ ነበር፤ ቀ ላይ ግን እጅ ሰጠች። አባባ ኢድሪስም «አማርኛን እኔ በአርጩሜ ነው የተማርኩት፣ አንቺ በባትሽ ትማሪዋለሽ» ይሉኝ ነበር።

በዚያው መኸር ሺነዬ ጠበበኝ። ሺነ ከጉልበቴ በታች እግሬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ በማሰሪያ የሚታሰር ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ቁመት በጨመርኩ ቁጥር አዲስ ይሠራልኛል። ያለ እሱ እየገፋሁት በምደገፍበት ባለ አራት ጎማ ሮላቶሬ እንኳን ብዙ መሄድ አልችልም። እናቴም ለሃይከ፣ ሃይከም ለሐኪሙ፣ ሁሉም አንድ ስም ይጠሩ ጀመር፤ ካሴ። «ካሴ ገና አልመለሰም።» «ካሴ ይፍቀድ አይፍቀድ አይታወቅም።» በመጨረሻም አንድ ቀን እናቴ ፖስታ ከፍታ አነበበችና ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ «ካሴ እምቢ አለ።»

እኔ ካሴ የሚባል ሀበሻ መሰለኝ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ካሴ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ሌላው፣ ክፉው ካሴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ትልቅ ጠረጴዛ፣ ትልቅ ሆድ፣ ከኋላው እስከ ጣሪያ የተደረደረ የልጆች ሺነ ታየኝ። በማግስቱ ከአባባ ኢድሪስ ጋር ሆኽስት ጣቢያ ቆመን ሳለ በድምፅ ማጉያው በጀርመንኛ ማስታወቂያ ተነገረ፤ ሃዲዱ እየተጠገነ ስለሆነ በባቡር ፋንታ አውቶቡስ ይሄዳል ማለታቸው ነበር። በጀርመንኛ ግን ሃዲድም ሺነ ነው የሚባለው። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት «ሺነ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ሳይ፣ የእኔ ሺነ ባለመምጣቱ ከተማው በሙሉ የተቆጣልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለአንዲት ሻንጣ የያዘች ሴት አንገቴን ዝቅ አድርጌ «ይቅርታ» አልኳት።

ለካሴ ደብዳቤ ልጽፍ ወሰንኩ፤ ሀበሻ ስለሆነ በአማርኛ። ችግሩ ገና አ ላይ ነበርን፤ ስሙን ለመጻፍ ከ እስክንደርስ ድረስ አንድ ሳምንት ታገስኩ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰላም ካሴ። ሺነ አነሰኝ። እናቴ አለቀሰች።» ስለ እግሬም መጨመር ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ገ ሩቅ ስለነበረች እግር ሣልኩበት። ወረቀቱን አጥፌ «ፖስታ ቤት ያስገቡልኝ» ብዬ ባቡር ውስጥ ለአባባ ኢድሪስ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ጓለይ» አሉኝ፤ «ካሴ ሰው አይደለም። የጤና መድን መሥሪያ ቤት ነው።»

«ታዲያ ማን ነው እምቢ ያለው?»

«ወረቀት ነው እምቢ ያለው። ወረቀትን ደግሞ በወረቀት ነው የሚመልሱት። ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ተከራክሬአለሁ፣ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ።»

የዚያን ቅዳሜ እቤታችን መጥተው ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡና መቃወሚያ ጻፉ። የእኔንም ደብዳቤ አያይዘው ላኩት። ከገና በፊት ፈቃዱ መጣ። ሃይከ ለብቻዋ ሦስት ገጽ ጽፋ እንደነበር ኋላ ሰማሁ፤ እኔ ግን ያሸነፈችልን የሣልኳት እግር እንደሆነች ለብዙ ጊዜ አምን ነበር። አዲሱ ሺነዬ ላይ ቢራቢሮዎች ነበሩበት።

በጥር አንድ ዓርብ አባባ ኢድሪስ ከመስጊድ ሲመለሱ በረዶ አንሸራተታቸውና ወደቁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ሺነዬን እያሰረችልኝ ነበር፤ «አባባ ኢድሪስ እግራቸውን ታመዋል፤ መራመድ አይችሉም» አለችኝ።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። በየማክሰኞውና በየሐሙሱ እጄን ይዘው ነበር ባቡሩ ላይ የሚያወጡኝና የሚያወርዱኝ። እኔን የያዘኝ ነገር በእጄ አልፎ እሳቸውን ያዛቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን እጅ መያዝ አቆምኩ። መንገድ ስንሻገር ልትይዘኝ ስትል ሁለት እጄን ሮላቶሬ ላይ አጥብቄ፣ «ራሴ እችላለሁ» እላታለሁ። እሷ ጎበዝ የሆንኩ መስሏት ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር።

አባባ ኢድሪስ በቀዶ ሕክምና ዳሌያቸው ተጠገነ፤ ማገገሚያ ሆስፒታልም ከርመው በየካቲት መጨረሻ ተመለሱ። ሁለት ሰዎች በወንበር ተሸክመዋቸው በራችን ፊት ለፊት አለፉ። ኮፍያቸው ዓይናቸው ድረስ ወርዶ ነበር፤ ወደ እኔ አላዩም። ከዚያ በኋላ አልወረዱም። እናቴ ምግብ ይዛላቸው ትወጣለች፤ ስትመለስ ፊቷ ይከፋል።

«ቤት ድረስ የምትመጣላቸውን ፊዚዮቴራፒስት መልሰው ሰደዷት» አለች አንድ ቀን። «‹በዚህ ዕድሜ መሄድ ልማር እንዴ› አሉኝ። ቁጭ ብለዋል፣ መስኮቱን እንኳን አይከፍቱም።»

እኔ ከታች ነኝ፣ እሳቸው ከላይ። በመካከላችን ሃምሳ አራት ደረጃ አለ።

በዚያው ሳምንት ሃይከ በየጊዜው የምትጠይቀኝን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «እስከ ፋሲካ ድረስ ምን ማድረግ እንድትችዪ ትፈልጊያለሽ?» ሌላ ጊዜ የምመልሰው እናቴ እንድመልስ የምትፈልገውን ነበር፤ «ያለ ሮላቶር መሄድ።» በዚያ ቀን ግን እናቴ፣ አባባ ኢድሪስ ከወደቁ ወዲህ እንደምታደርገው ከሥራዋ አስፈቅዳ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እያለች፣ «ሦስተኛ ፎቅ መውጣት» አልኩ።

«ደረጃ?» አለች እናቴ በድንጋጤ። «ብትወድቂስ?»

ሃይከ ግን የዓመቱን ትልቅ ዜና የሰማች ይመስል ተነሣች። የትም የማያደርሰው የእንጨት መወጣጫ ላይ ሥራ ጀመርን። ብርቱው እግር መጀመሪያ፣ ከዚያ ደካማው፤ እጅ መደገፊያውን እንደያዘ። አምስት ስድስት ጊዜ ከወጣሁ በኋላ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ሃይከ፣ «ሲደክምሽ ተቀመጪ፤ በመቀመጫሽ ወደ ኋላ እየተገፋሽ ውጪ። በእጅሽና በጉልበትሽም መዳህ ትችያለሽ። ሁሉም መውጣት ነው» አለች።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ቤት እንደደረስን ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ ፈነዳች።

«ልጄ አትድህም! ስምንት ዓመት የለፋሁት፣ ጎረቤት ፊት እንደ ሕፃን መሬት ለመሬት እንድትሄጂ ነው?»

«አባባ ኢድሪስን ማየት እፈልጋለሁ።»

«እኔ አዝዬ እወስድሻለሁ።»

«አይሆንም» አልኳት። በጀርባዋ ከታዘልኩ እሷም ትያዛለች፤ ያንን ግን ልነግራት አልቻልኩም። «አትንኪኝ። ራሴ ነው የምወጣው።»

እናቴ ምን እንዳሰበች አላውቅም። በነጋታው ግን ከሥራ በፊት ባልዲና መጥረጊያ ይዛ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ ስታጥብ አየኋት። የማጽዳት ተራው የእኛ አልነበረም። በየሳምንቱ እንዲሁ አደረገች። ፀጉር የለ፣ ጭቃ የለ፣ የሲጋራ ቁራጭ የለ። እጄና ጉልበቴ ለሚያርፍበት ነበር።

ከፋሲካ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ ወጣሁ። ሮላቶሬን ከታች ተውኩት። እናቴ ከኋላዬ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ትከተለኛለች፤ እጇን ዘርግታ፣ ግን ሳትነካኝ። የመጀመሪያውን ፎቅ ቆሜ ወጣሁት። በሁለተኛው መካከል ላይ ጉልበቶቼ እምቢ አሉ፤ ተቀመጥኩና በመቀመጫዬ እየተገፋሁ ቀጠልኩ። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት በራቸውን ከፍተው አዩን። እናቴ አንገቷን የምትደፋ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀና ብላ፣ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ «ልጄ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እየወጣች ነው» አለቻቸው፣ ሎተሪ እንደደረሳት ሰው። አሮጊቷ በራቸውን ሳይዘጉ ቆመው ተመለከቱኝ።

የመጨረሻውን ፎቅ በአራት እግሬ ዳህኩት። ልብሴ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ መዳፌ ይለበልበኛል። በራቸው ጋ ስደርስ ደወሉ ሩቅ ስለነበር ከታች፣ ከእግር በኩል አንኳኳሁ።

በሩ እስኪከፈት ብዙ ቆየ። ክራንች መሬቱን ሲመታ ይሰማል፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ከፈቱና ፊት ለፊት አዩ፤ ማንም የለም። እናቴ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቀርታለች። ከዚያ ዝቅ ብለው አዩኝ።

«ጓለይ! ማን አመጣሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።» ከዚያ ከጥር ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የከረመው ነገር ወጣ። «አባባ ኢድሪስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄን ሲይዙ ነው የያዘዎት። በሽታዬ ነው የተላለፈብዎት።»

ከእናቴ ጉሮሮ አንድ ድምፅ ሲወጣ ሰማሁ። አባባ ኢድሪስ አንዱን ክራንች ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ የበሩን ፍሬም ያዙ፣ እያቃሰቱ፣ ቀስ እያሉ ደፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን አነሡና ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ስሚኝ» አሉ። «እኔን የጣለኝ በረዶ ነው፤ ቸኩዬ ስሄድ። ያንቺ ነገር ያንቺ ብቻ ነው፣ ለማንም አይሄድም። ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዲህ እያሰብሽ ነው የኖርሽው?»

«ያ» አልኩ እያለቀስኩ።

«ያ ማን?» አሉ። ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

እናቴ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ሌላኛውን እጄን ሰጠኋት። ከዚያ ነው ስለ መውረድ ጨርሶ እንዳላሰብኩ ትዝ ያለኝ። ሃይከ ያስተማረችኝ መውጣት ነው። ወደ ታች ሳይ ደረጃው ገደል መሰለኝ።

«መውረድ አልችልም» አልኩ።

«እኔም አልችልም» አሉ አባባ ኢድሪስ። «ሆስፒታል ውስጥ አሳይተውኝ ነበር፤ ደካማው እግር መጀመሪያ፣ ብርቱው ተከትሎ። ፈራሁና ተውኩት።» ክራንቻቸውን አዩት። ከዚያ እናቴን፣ «ገነት፣ እስቲ አንሺኝ» አሏት።

አንድ ደረጃ እሳቸው፣ አንድ ደረጃ እኔ ሆነን ወረድን። እሳቸው የደረጃውን መደገፊያና አንዱን ክራንች ይዘው፣ እኔ በመቀመጫዬ። ሌላውን ክራንች የያዘችው እናቴ ከፊታችን ሆና፣ ማንኛችንን እንደምትይዝ ግራ ገብቷት፣ ወደ ኋላ እየሄደች ትወርዳለች። በየመታጠፊያው እናርፋለን። ታች ስንደርስ የውጭውን በር ከፈተችልን፤ ፀሐይ ነበር። አባባ ኢድሪስ ደጃፉ ላይ ቆመው የመንገዱን ዛፎች እስኪበቃቸው አዩ።

«ቅጠል አውጥተዋል እኮ» አሉ። «ማንም አልነገረኝም።»

እናቴ ከቤት ሦስት ወንበር አውጥታ አሰለፈችልን። ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ እናቴ አባባ ኢድሪስን፣ ከዚያ ወደ ላይ መስኮታቸውን፣ ከዚያ እንደገና እሳቸውን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ጋሽ ኢድሪስ… ተመልሰው እንዴት ሊወጡ ነው?»

ማናችንም አላሰብንበትም ነበር። እሳቸው ሕንፃውን ቀና ብለው ተመለከቱት፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። እናቴም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«ሃና ታስወጣኛለች» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «መንገዱን ታውቀዋለች። አሁን ግን ትንሽ እንቀመጥ።»